የዳንቶን ገበታና የሮቤስፒየር ብርጭቆ

በአንድሬይ ቫይዳ «ዳንቶን» ፊልም ውስጥ ከችሎቱም ከጊሎቲኑም ይልቅ በዓይነ ኅሊናዬ ተቀርጾ የቀረው አንድ የእራት ገበታ ነው። ጠባቸው ደም ሳያፋስስ እንዲበርድ ዳንቶን ሮቤስፒየርን ጋብዞታል። ገበታው በምግብ ዓይነት ተጨናንቋል። አበባው ሳይቀር ዳንቶን ራሱ አይቶ ያስቀመጠው ነው። እንግዳው ይመጣል። ዊጉ ዱቄት ተነስንሶበታል፣ ልብሱ አንዲት መጨማደድ የለበትም፣ ፊቱ ግን ከአልጋ የተነሣ የታማሚ ፊት ነው። አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። ጋባዡ ተቆጥቶ ሳህኖቹን ጠራርጎ ይጥላል፤ ቀጥሎም የእንግዳውን ብርጭቆ በወይን ጠጅ እስከ አፉ ጢም አድርጎ ይሞላዋል። የቀረበለትን ማዕድ ያልነካ እንግዳ ምን ይዞ እንደመጣ ለአበሻ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም።

ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳንቶንን ሆኖ የሚጫወተው ፈረንሳዊው ዤራር ዴፓርዲዩ ነው፤ ሮቤስፒየርን ሆኖ የሚጫወተው ፖላንዳዊው ቮይቼክ ፕሾኒያክ። ቫይዳ የዳንቶንን ወገኖች ለፈረንሳውያን ተዋንያን፣ የሮቤስፒየርን ወገኖች በአብዛኛው ለአገሩ ልጆች አከፋፍሏቸዋል። ፖላንዳውያኑ የተናገሩት በፈረንሳይኛ ድምፅ ተተክቷል። ስለዚህም ሮቤስፒየር በተናገረ ቁጥር ከንፈሩና ድምፁ በጥቂቱ ይፋታሉ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ሲቆጥረው ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከፊልሙ ትልልቅ ዕድሎች አንዱ ይመስለኛል፤ ሰውየው ሌላ ሰው ውስጡ ቁጭ ብሎ የሚናገርለት ይመስላልና።

ፊልሙን ደጋግሜ ያየሁት ነው። አብሮኝ ያየ ሰው ሁሉ ታዲያ ዳንቶንን ወድዶ ነው ከመቀመጫው የሚነሣው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ሴት ይወዳል፣ ሲናገር ግድግዳ ይነቀንቃል፣ ሞትን ይንቃል። በዚያ ሁሉ ቀዝቃዛ ሰው መካከል እሱ ብቻ ደም ያለው ይመስላል። የዛሬው ጽሑፌ ከዚህ ውዴታ ጋር የሚደረግ ሙግት ነው።

ለመሆኑ ዳንቶን ማን ነበር? በ1759 ዓ.ም. አርሲ ሱር ኦብ በምትባል የገጠር ከተማ ተወለደ፤ ፓሪስ መጥቶ ጠበቃ ሆነ፤ በአብዮቱ ዘመን የኮርዴልዬዎች ክበብ መሪ ሆኖ ወጣ። ንጉሡ በነሐሴ 1792 ከዙፋኑ ሲወርድ የፍትሕ ሚኒስትር ተደረገ። የፕሩሲያ ጦር ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ፣ ድፈሩ፣ አሁንም ድፈሩ እያለ አገሪቱን ያስነሣው እሱ ነው። እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው። ነገር ግን ያንን ንግግር ባደረገበት በዚያው በመስከረም መጀመሪያ የፓሪስ እስር ቤቶች ተሰብረው ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች ታረዱ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ጣቱን አላነሣም። በመጋቢት 1793 ደግሞ አብዮታዊው ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ሸንጎው ፊት ቆሞ የተከራከረው ማን ሆነና? ዳንቶን ነው። ከዓመት በኋላ የተፈረደበት በዚያው ፍርድ ቤት ነው። ይህን በማድረጉ እግዚአብሔርንም ሰውንም ይቅርታ ጠየቀ ይባላል፤ የጠየቀው ግን ተራው ሲደርሰው ነው።

ቫይዳ ይህን አልደበቀም፤ በንግግር መሐል ጣል ያደርገዋል። ሲኒማ ግን በጆሮ የሚሰማውን ሳይሆን በዓይን የሚታየውን ነው የሚያሳምነው። በዓይን የሚታየው ደግሞ የዴፓርዲዩ ሰፊ ደረት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ሰው ልሻገር፤ መውጣትና መውደቅ የሚለው ቃል በእውነት የሚገባው ለእሱ ነውና። ማክሲሚሊያን ሮቤስፒየር በ1758 አራስ ከተማ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ እናቱ ሞተችበት፤ አባቱ ልጆቹን ጥሎ ሄደ። በነፃ ትምህርት ዕድል ፓሪስ ሉዊ ለ ግራን ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ከአብሮ አደጎቹ አንዱ ካሚዬ ዴሙላን ነበር፤ ስሙን ያዙልኝ። በአገሩ ጠበቃ፣ ኋላም የጳጳሱ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ሲሠራ በአንድ ሰው ላይ የሞት ፍርድ መፍረድ ግድ ቢሆንበት ተጨንቆ ታመመ የሚል ወሬ ከቤተሰቡ ወጥቷል። ወሬው ባይታመን እንኳ የሸንጎው መዝገብ አለ፤ በግንቦት 1791 ሮቤስፒየር የሞት ቅጣት ከፈረንሳይ ሕግ ጨርሶ እንዲፋቅ ጠየቀ። መንግሥት በሕግ ስም የሚፈጽመው ግድያ ከማንኛውም ግድያ አይሻልም፣ ዳኛም ሊሳሳት ይችላል ብሎ ተከራከረ። አልሰሙትም። በዚያው ወር የሸንጎው አባላት፣ እሱ ራሱ ጭምር፣ ለቀጣዩ ምክር ቤት እንዳይመረጡ ሐሳብ አቅርቦ አስወሰነ። ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ሥልጣን የሚለቅበትን ሕግ አያወጣም። በ1792 መጀመሪያም ሁሉም ጦርነት ጦርነት ሲል፣ ነፃነትን በጠመንጃ አፈሙዝ ይዞ የሚመጣን እንግዳ ማንም አይወድም ብሎ ብቻውን ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተከራክሯል።

ይህ ሰው ነው በታኅሣሥ 1792 ንጉሡ ያለ ክርክር ይሙት ያለው። በየካቲት 1794 ደግሞ በጎነት ያለ ሽብር አቅም የለውም፣ ሽብርም የፈጠነና የማይታጠፍ ፍትሕ ነው ብሎ ያስተማረው። ከግንቦት 1791 እስከ የካቲት 1794 ሦስት ዓመት አይሞላም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ምን ተካሄደ? እኔ ከተውኔትም ከፊልምም የምፈልገው መልስ የዚህን ነው። ዳንቶን ራሱን አልለወጠም፤ እንደኖረ ሞተ። የተለወጠው ሮቤስፒየር ነው። ደራስያኑ ግን ብዕራቸውን ይዘው በብዛት የሮጡት ወደ ዳንቶን ነው።

ከሁሉም በፊት የሮጠው ጌኦርግ ቡህነር ነው። «የዳንቶን ሞት» የተባለውን ተውኔት በ1835 ሲጽፍ ዕድሜው 21 ነበር። ገበሬው በጌቶቹ ላይ እንዲነሣ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ በድብቅ አሳትሞ ስለነበር ፖሊስ በር ያንኳኳል እያለ በሰቀቀን፣ በአባቱ ቤት ተቀምጦ በአምስት ሳምንት ገደማ ጨረሰው። ከዚያም ድንበር አቋርጦ ስትራስቡርግ ገባ፤ በ23 ዓመቱም ዙሪክ ላይ በተስቦ ሞተ። ተውኔቱ መድረክ ላይ የወጣው በ1902 ነው። በመሪዎቹ አፍ ካስገባው ንግግር ብዙው ከታሪክ መጻሕፍት እንዳለ የተገለበጠ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ድፍረት ነበር።

የቡህነር ዳንቶን ከዴፓርዲዩ ዳንቶን ጋር አይገናኝም። የደከመው ሰው ነው። ሽሽ ሲሉት አይሸሽም፤ ታገል ሲሉት ያዛጋል። ሌሊት መስኮት ላይ ቆሞ መስከረም የምትለዋ ቃል ከከተማው ስትጮህበት ይሰማል። ቡህነር ያን የእስረኞች እልቂት በዳንቶን እንቅልፍ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ከቫይዳ የሚበልጥበት ነው። ሮቤስፒየር ግን ከሁለተኛው ገቢር በኋላ ከመድረክ ይጠፋል። ወዳጁ ካሚዬን ለሞት አሳልፎ የሚሰጥባት ሌሊት አለች፤ ሁሉም ጥሎኝ ይሄዳል፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ የሚቀርባት። ከዚያ በኋላ ውስጡን አናይም። ደራሲው በሩን በዚያች ቅጽበት ነው የዘጋብን።

አብዮት ልጆቿን ትበላለች የሚለውን አባባል በአገራችን የማያውቅ የለም። አመጣጡን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቬርኞ የተባለው የዢሮንድ ወገን አፈ ጉባዔና ተናጋሪ በ1793 አብዮቱ እንደ ሳተርን ልጆቹን አንድ በአንድ እንዳይውጥ ብሎ አስጠነቀቀ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ራሱ ተዋጠ። ቡህነርም ቃሉን በዳንቶን አፍ አስገባው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሳተርን መንገድ ላይ ቀርቶ «ልጆቿን የምትበላ» እናት ብቻ ሆነ። ሳተርን ግን ልጆቹን የዋጠው ርቦት አልነበረም፤ ከዙፋኔ ያወርዱኛል ብሎ ስለፈራ ነው። የእኛ አባባል ሆዱን ወስዶ ፍርሃቱን ተወው። ሽብር የሚለው ቃልም እንዲሁ ብዙ አገር ዞሮ ነው የደረሰን፤ ከፓሪስ ሩሲያ፣ ከሩሲያ ደግሞ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ወደ እኛ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አገሩን ከለወጡት ወጣቶች የፈረንሳይን አብዮት ታሪክ ያላነበበ፣ ያነበበ ጓደኛ ያልነበረው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ቫይዳ መነሻ ያደረገው ቡህነርን አይደለም። መነሻው ስታኒስላቫ ፕሺቢሼቭስካ የተባለች ፖላንዳዊት በ1929 የጻፈችው «የዳንቶን ጉዳይ» የሚባል ተውኔት ነው። የሴትየዋ ሕይወት ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ዳንዚግ ከተማ ውስጥ በብርድና በረኀብ፣ በሞርፊን ሱስ ተይዛ፣ ደብዳቤዎቿ ላይ ቀኑን በአብዮቱ የዘመን አቆጣጠር እየጻፈች፣ በ33 ዓመቷ በ1935 ሞተች። የምታፈቅረው ሮቤስፒየርን ነበር፤ ከተቀበረ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው የኑሮዋ ሁሉ ማእከል ነበር። በእሷ ተውኔት ዳንቶን ጉበኛና አስመሳይ ነው፤ ሮቤስፒየር ደግሞ መግደል እንደማይገባው እያወቀ የሚገድል፣ በገዛ ብልህነቱ ወጥመድ የተያዘ ሰው።

ቫይዳና የስክሪፕቱ ጸሐፊ ዣን ክሎድ ካርዬር ይህን ተውኔት ወስደው እንደ ኮት ገለበጡት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቫይዳ ተውኔቱን በ1975 ዋርሶ ላይ በመድረክ አዘጋጅቶት ነበር፤ ያን ጊዜም ሮቤስፒየር የሆነው ፕሾኒያክ ነው። ፊልሙን ሊሠራ ሲነሣ ግን በታኅሣሥ 1981 ፖላንድ ውስጥ የጦር አገዛዝ ታወጀ፤ የሶሊዳሪቲ ሰዎች ታሰሩ፤ ቀረጻውም ወደ ፈረንሳይ ተዛወረ። በዚያን ሰሞን ማንም ፖላንዳዊ በኮሚቴ የሚገዛን ሰው ሊወድ አይችልም ነበር። ሮቤስፒየር የሠዓሊ ዳቪድ ሥራ ቤት ገብቶ ከሸራው ላይ ፋብር ዴግላንቲን እንዲፋቅ የሚያዝበት ትዕይንት አለ። ሥዕሉ የ1789ኙ የቴኒስ ሜዳ መሐላ ሲሆን፣ ፋብር ያን ጊዜ የሸንጎ አባል አልነበረምና ከመጀመሪያውም በዚያ ሥዕል ላይ ቦታ አልነበረውም። ትዕይንቱ የፓሪስ ሳይሆን የሞስኮ ነው፤ ከፎቶግራፍ ላይ ሰው የሚፋቅበት ዘመን። በሥልጣን ላይ የነበሩት የፈረንሳይ ሶሻሊስቶች አብዮታቸውን የሚያወድስ ፊልም ጠብቀው ይህን ሲያዩ ቅር አላቸው። ሐሳባቸውን አልጋራም፤ ቅሬታቸው ግን ፈጽሞ ከንቱ አይደለም።

ከንቱ ያልሆነበትን ልንገራችሁ። ቫይዳ የፍርሃትን አየር እንደ እሱ የቀረጸ የለም። ዳቦ የሚጠብቁት ሰልፈኞች፣ በዝናብ የራሰው መንገድ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዙሪያውን የሚገላመጥበት አኳኋን፤ ይህን የሚቀርጸው የኖረበት ሰው ነው። ነገር ግን አንዱን ወገን ፍርሃት፣ ሌላውን ሕይወት አድርጎ ሲያስቀምጠው አንድ ነገር ይጎድላል። ታሪክ ጸሐፊዎቹ እንኳ በዚህ ጉዳይ እንደ ባላንጣ ተያይዘዋል። በሶርቦን የአብዮቱን ታሪክ ያስተምር የነበረው አልፎንስ ኦላር ለዳንቶን ጠበቃ ቆመ፤ ተከታዩ የነበረው አልቤር ማቲዬ ከእሱ ተጣልቶ፣ በ1907 የሮቤስፒየር ጥናት ማኅበርን አቋቁሞ፣ የዳንቶንን የገንዘብ ምንጭ ሲያነፈንፍ ዕድሜውን ጨረሰ። ዳንቶን ከቤተ መንግሥት ገንዘብ መቀበሉን ዛሬ አብዛኞቹ ያምኑበታል። ሮቤስፒየርም በዳንቶን ላይ ማስታወሻ ሲይዝ ከጻፋቸው ክሶች አንዱ፣ በጎነት ሲባል ዳንቶን ይስቃል፣ ከሚስቴ ጋር ሌሊት ከማደርገው የበለጠ በጎነት የለም ይላል የሚል ነው። ቀልድን የክስ ማስረጃ ያደረገ ሰው እንዴት እንደሚያስፈራ ይታያችኋል። ፊልሙ ይህን ያውቃል። ይሁንና የሚስቀው ሰው እጅ ንጹሕ እንዳልሆነ ለማየት ሁለት ጊዜ ማሰብ አይፈልግም።

አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ታስረው የተረፉ ወዳጅ አሉኝ። ፊልሙን አብረን ካየን በኋላ ስለ ዳንቶን አንድ ቃል አልተናገሩም። «የእስር ትእዛዙ ላይ የፈረሙት ስንት ነበሩ?» ብቻ አሉኝ። አላውቅም ነበርና አፈርኩ። ቤቴ ገብቼ አገላበጥኩ።

የፈረሙት 18 ናቸው። በመጋቢት መጨረሻ 1794 ሌሊት ሁለቱ ኮሚቴዎች ተሰብስበው ዳንቶንና ዴሙላን እንዲያዙ አዘዙ። ከነበሩት መካከል አንፈርምም ያሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሮቤር ሌንዴ ይባላል። የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ አባል ሲሆን ሥራው እህል ማቅረብ ነበር። እኔ እዚህ ያለሁት ዜጎችን ላበላ እንጂ አገር ወዳዶችን ላስገድል አይደለም አለ ይባላል። አልፈረመም፤ አልሞተምም። እስከ 1825 ኖሮ በአልጋው ላይ ሞተ። ቡህነር ይህን ሰው ከነጭራሹ በተውኔቱ አላስገባውም። ለወዳጄ በስልክ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እምቢ ማለት ይቻል ነበር ማለት ነው» አሉኝና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ችሎቱን ሳየው ሌላ ሆኖ ታየኝ። የዳንቶን ድምፅ በመስኮት አልፎ ከሴን ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር ይባላል። ዴፓርዲዩ ይህን ሲጫወት በመጨረሻ ድምፁ ተዘግቶ ሲጥጥ የሚለው የትወናው ጫፍ ነው። ሸንጎው ፍርድ ቤት የደፈረ ተከሳሽ ከችሎት ይውጣ የሚል ድንጋጌ አወጣ፤ ዳንቶንና ወዳጆቹ ሳይሰሙ ተፈረደባቸው። በሚያዝያ 5 ቀን ተሰየፉ። ዳንቶን 34 ዓመቱ ነበር። ዴሙላን ሲያገባ ምስክር ሆኖ የቆመለት ሮቤስፒየር ነው። የዴሙላን ሚስት ሉሲልም ከስምንት ቀን በኋላ ተከተለች።

ፊልሙ እዚህ ያበቃል፤ ትልቁ ቅሬታዬም እዚህ ነው። ከዳንቶን ሞት እስከ ሮቤስፒየር ሞት 114 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ የሰውየው አወዳደቅ ያለው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። በሰኔ 8 ለልዑል አምላክ በዓል ተደርጎ ሮቤስፒየር አበባና የእህል ዛላ ይዞ ከሰልፉ ፊት ሄደ፤ ከኋላው ያሉት የሸንጎ አባላት ያንሾካሹኩበት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለተከሳሽ ጠበቃ የሚከለክል፣ ከሞት በቀር ሌላ ቅጣት የማያውቅ ሕግ ወጣ። በፓሪስ ብቻ በሰባት ሳምንት ከ1,300 በላይ ሰው ተሰየፈ። በሐምሌ 26 ሸንጎ ወጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ፤ በመካከላችን ከዳተኞች አሉ አለ። ስም ጥቀስ ሲሉት አልጠቅስም አለ። ይህ ስሕተት ነው የገደለው። ስም ቢጠራ የተጠሩት ብቻ ይፈሩ ነበር፤ ስላልጠራ ግን ሁሉም ፈራ፤ የፈራም ሁሉ ሌሊቱን ሲመካከር አደረ። በማግስቱ ሊናገር ሲነሣ አላስናገሩትም። ድምፁ ቢያንቀው ከወንበሮቹ መካከል አንዱ የዳንቶን ደም ነው የሚያንቅህ ብሎ ጮኸበት ይባላል። በሐምሌ 28 መንጋጋው በጥይት ተሰባብሮ በጨርቅ ታስሮ፣ ከ21 ሰዎች ጋር ተሰየፈ። 36 ዓመቱ ነበር። የሞት ቅጣት ይቅር ካለ ሦስት ዓመት ከሁለት ወሩ።

ቫይዳ ይህን ሁሉ ትቶ በአንድ መኝታ ቤት ይጨርሳል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ትንሽ ወንድሟን ገንዳ ውስጥ እያጠበች የሰው ልጅ መብቶች መግለጫን በቃሉ ታስጠናዋለች፤ ሲስት እጁን ትመታዋለች። በመጨረሻ ሮቤስፒየር በላብ ተዘፍቆ፣ አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ልጁን ያመጡለትና አጠገቡ ይቆማል። ሰው ሁሉ ነፃ ሆኖ መወለዱን፣ ማንም ያለ ሕግ እንደማይያዝ ልጁ በቃሉ ይወጣዋል። በሽተኛው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።